ላፕቶፕን ከሞኒተርና ከፕሮጀክተር ጋር ሲያገናኙ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ላፕቶፕን ከውጫዊ ማሳያ ጋር ማገናኘት ማለት የላፕቶፑን ምስል በኬብል ወይም ያለ ኬብል ወደ ሌላ ሞኒተር፣ ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ማሳለፍ ነው። በኢትዮጵያ ይህ በአብዛኛው የሚደረገው በክፍልና በስብሰባ ላይ ጽሑፍ ለማቅረብ፣ በቢሮ ሰፋ ባለ ስክሪን ለመሥራት፣ እንዲሁም የራሱ ስክሪን የተሰበረ ላፕቶፕ አገልግሎቱን እንዲቀጥል ለማድረግ ነው። ምስሉ ሳይመጣ ሲቀር ወይም ተበላሽቶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋቱ የሚገኘው በኬብሉ፣ በአዳፕተሩ፣ በሞኒተሩ ላይ በተመረጠው ግብዓት ወይም በላፕቶፑ ውስጥ በጎደለ ድራይቨር ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለይቶ ማወቅ እንደ አሶሳ ባለ ከተማ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በመንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ወይም የተሰነጠቀ ስክሪን ምትኩ ከአዲስ አበባ መምጣት ካለበት፣ ወጪው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመላኪያውና የጥበቃው ጊዜ አለ። ችግሩ የአንድ ኬብል መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ በአንድ ቀን ያልቃል።

የማገናኛ ዓይነቶች

በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ያሉ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ ራስ ያለው ማገናኛ አላቸው። ቪጂኤን አይቢኤም ያወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲሆን በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ፒኖች አሉት። ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ ሲግናል ነው፤ ድምፅ አያስተላልፍም። ኤችዲኤምአይ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ዲጂታል ማገናኛ ሲሆን 19 ፒኖች አሉት፤ ምስልና ድምፅን አንድ ላይ ያደርሳል። ዲስፕሌይ ፖርት በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን በቢሮ ሞኒተሮች ላይ ይበዛል። ከዚያ በፊት የነበረው ዲቪአይ ነጭ ራስ ያለው ሲሆን ዛሬ የሚገኘው በአሮጌ ሞኒተሮች ላይ ነው።

ዩኤስቢ ሲ የሚባለው ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ፤ ከሁሉም ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም። አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ማስተላለፊያ ብቻ የተሠራ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምስል ያወጣል፤ ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል መግለጫ ማየት ያስፈልጋል። ኬብሉም እንደዚሁ ነው። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣው የዩኤስቢ ሲ ኬብል ብዙ ጊዜ ምስል የሚያልፍባቸው ሽቦዎች የሉትም፤ ላፕቶፑም ሞኒተሩም ደህና ሆነው ምንም ላይታይ ይችላል።

አዳፕተርና አቅጣጫው

አዲስ ላፕቶፕና አሮጌ ፕሮጀክተር ሲገናኙ መካከላቸው አዳፕተር ይገባል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው አዳፕተር በውስጡ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚተረጉም ትንሽ ቺፕ አለው። ቺፑ የሚሠራው ከላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ 18ኛ ፒን ላይ በሚያገኘው 5 ቮልት ነው። በደረጃው መሠረት ላፕቶፑ በዚህ ፒን እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ቢያንስ 55 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ አዳፕተር በአንዱ ላፕቶፕ ሠርቶ በሌላው ሊያቅተው ይችላል። ምስሉ መጥቶ የሚጠፋ ከሆነና አዳፕተሩ በጎኑ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው፣ በእሷ በኩል ተጨማሪ ኃይል ከስልክ ቻርጀር መስጠት ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

አዳፕተር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ መሆኑ በገበያ ላይ በደንብ አይነገርም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ዕቃ ተገልብጦ ቪጂኤ ብቻ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ከኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ጋር አያገናኝም። ለዚያ ሌላ ዓይነት፣ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ኬብልም ዲስፕሌይ ፖርቱ በላፕቶፑ በኩል ሲሆን ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ሲገዙ «ቪጂኤና ኤችዲኤምአይ የሚያገናኝ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ላፕቶፑ የትኛው፣ ፕሮጀክተሩ የትኛው እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ግን ዲጂታል ሲግናላቸው ተመሳሳይ ስለሆነ በቀላል ኬብል ይገናኛሉ።

ሁለቱ ማሽኖች እንዴት ይተዋወቃሉ

ኬብሉ ሲሰካ መጀመሪያ የሚሄደው ምስል አይደለም። ሞኒተሩ ስሙን፣ የሠራውን ድርጅትና የሚችላቸውን የምስል መጠኖች የያዘ አጭር መረጃ ለላፕቶፑ ይሰጣል። ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ላፕቶፑ ካነበበው በኋላ የሚስማማውን መጠን መርጦ ምስሉን ይልካል።

ብዙ እንቆቅልሽ የሚመስሉ ጥፋቶች እዚህ ላይ ይፈታሉ። በቪጂኤ ይህን መረጃ የሚያመላልሱት 12ኛውና 15ኛው ፒኖች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ምስሉ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ላፕቶፑ የተሰካበትን ሞኒተር ስለማያውቀው ዝቅተኛ መጠን ይመርጣል፣ ወይም ምንም እንዳልተሰካ ይቆጥራል። «ፕሮጀክተሩ ላይ ፊደሉ ተለጥጦ ይታያል፣ ማስተካከያውም ትክክለኛውን መጠን አይሰጠኝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኬብሉ ሲታይ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን ቢጎድል ግን መደንገጥ አያስፈልግም፤ 9ኛው ፒን በብዙ ኬብሎች ላይ ከፋብሪካው ጀምሮ የለም።

ምንም ምስል ሲጠፋ

ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ካሳየ ይህ ራሱ መልካም ዜና ነው። ጽሑፉን ያሳየው ሞኒተሩ ስለሆነ ስክሪኑና ኃይሉ ይሠራሉ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚገባለት ሲግናል ነው። መጀመሪያ በሞኒተሩ ቁልፍ ወይም በሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ከፍቶ ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ መመረጡን ማየት ይገባል። ሁለትና ሦስት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ኬብሉ በሁለተኛው ተሰክቶ ምርጫው በአንደኛው ላይ ቆይቶ ብዙ ሰዓት የጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ምስሉን እንዲያወጣ መታዘዙ ይታያል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን አብሮ መጫን አራት ምርጫ ያመጣል፤ በላፕቶፑ ስክሪን ብቻ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ አስፋፍቶ በሁለቱ ላይ የተለያየ፣ ወይም በውጫዊው ብቻ። ይህ አቋራጭ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ አለ። በፕሮጀክተሩ ላይ የዴስክቶፑ ጀርባ ሥዕል ብቻ እየታየ የተከፈተው ጽሑፍ የማይታይ ከሆነ ምርጫው «ኤክስቴንድ» ላይ ነው፤ «ዱፕሊኬት» ሲባል ይስተካከላል። በፓወርፖይንት ደግሞ የአቅራቢው ማስታወሻ ለተመልካች፣ ስላይዱ ለአቅራቢው ሲታይ፣ በአቅራቢው ገጽ ላይ ያለው ሁለቱን ማሳያዎች የሚያቀያይር ትእዛዝ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን የምስሉን ድራይቨር ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ እንደገና ያስነሳዋል። ሌላው መንገድ ላፕቶፑን አጥፍቶ ቻርጀሩን ነቅሎ (ባትሪው የሚወጣ ከሆነ እሱንም አውጥቶ) የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። በውስጡ የቀረው ኃይል ሲወጣ የተደናገረ ፖርት አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል።

በማቀያየር መለየት

የጥገና ዋናው ዘዴ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ኬብሉንም፣ ሞኒተሩንም፣ ማስተካከያውንም በአንድ ላይ የቀየረ ሰው ምስሉ ቢመጣለት እንኳ ጥፋቱ የቱ እንደነበር አያውቅም፤ ነገም ያው ችግር ይጠብቀዋል። ያው ኬብልና ያው ፕሮጀክተር በጓደኛ ላፕቶፕ ከሠሩ ጥፋቱ በራስ ላፕቶፕ በኩል ነው። የጓደኛውም ካልሠራ ላፕቶፑን ለጥገና ማስረከብ ከንቱ ወጪ ነው። ያው ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ እንቢ ብሎ በቪጂኤ ከሠራ ደግሞ የምስል ቺፑ ደህና ነው፤ የሚጠረጠረው ፖርቱ ወይም ኬብሉ ነው።

ብዙ የማይታወቅ ነገር ግን ጠቃሚ ሌላ ምርመራ አለ። ላፕቶፑን ኬብሉ እንደተሰካ አጥፍቶ ማብራት። የአምራቹ ምልክት በውጫዊው ሞኒተር ላይ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ ከጠፋ፣ ኬብሉም ፖርቱም ሞኒተሩም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ በሶፍትዌሩ ነው። (ምልክቱ ባይታይ ግን የተበላሸ ነገር አለ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ሲነሱ የራሳቸውን ስክሪን ብቻ ይጠቀማሉ።)

ከፎርማት በኋላ

ላፕቶፕ በቫይረስ ወይም በመዘግየት ምክንያት ጥገና ቤት ገብቶ «ፎርማት ተደርጎ» ሲወጣ ከፕሮጀክተር ጋር መሥራት ማቆሙ የተለመደ ነው። ባለቤቱም ጠጋኙ ፖርቱን ያበላሸው ይመስለዋል። የሆነው ግን ዊንዶውሱ አዲስ ሲጫን የምስል ድራይቨሩ አብሮ አለመጫኑ ነው። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ራሱ ሊያወርደው ይችላል፤ በሌለበት ወይም የሞባይል ዳታ ለመቆጠብ ማዘመኛው በተዘጋበት ግን እንደጎደለ ይቀራል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። «ዲቫይስ ማኔጀር» ተከፍቶ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለው ሥር የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ስም መኖር አለበት። በምትኩ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከተጻፈ ድራይቨሩ የለም። በዚህ ሁኔታ የላፕቶፑ ስክሪን ይሠራል፤ ሁለተኛ ማሳያ ግን አይቀበልም፣ የብርሃኑ መጠንም ብዙ ጊዜ አይስተካከልም። መፍትሔው የላፕቶፑን ትክክለኛ ሞዴል ከጀርባው አንብቦ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ ነው። ፋይሉ በመቶዎች ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ላፕቶፑ ወደ ፎርማት ከመግባቱ በፊት ማዘጋጀት ይሻላል።

ቀለም፣ መጠንና ድምፅ

በቪጂኤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞች በየራሳቸው ሽቦ፣ በ1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ፒን ይሄዳሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲቋረጥ ምስሉ በሙሉ ቀለሙን ይለውጣል። ነጭ ገጽ ወደ ቢጫ ካደላ ሰማያዊው ጠፍቷል፤ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ አረንጓዴው፣ ወደ ውኃ ሰማያዊ ካደላ ቀዩ። ምርመራው በነጭ ገጽ መሆን አለበት። በመክፈቻው ስላይድ ላይ ያለውን ሰንደቅ ዓላማ አይቶ «ቀለሙ ደህና ነው» ማለት ያሳስታል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለ ሰማያዊው ሽቦ እርዳታ ሊታዩ ስለሚችሉ ከመካከለኛው ክብ በቀር ለውጡ ጎልቶ አይታይም። ኬብሉን ሲነቀንቁት ቀለሙ ከተመለሰ ጥፋቱ ተገኘ፤ ሁለቱን ብሎኖች አጥብቆ ማሰር ወይም ኬብሉን መለወጥ ነው። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ስለሆነ ሲዳከም እንዲህ አይቀልምም፤ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ያሳያል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል።

«አውት ኦፍ ሬንጅ» የሚል ጽሑፍ ላፕቶፑ ሞኒተሩ ከሚችለው በላይ የሆነ መጠን ወይም ፍጥነት እንደላከ ይገልጻል። ብዙ የክፍል ፕሮጀክተሮች 1024 በ768 ወይም 1280 በ800 ነጥብ ሲሆኑ የላፕቶፖች ስክሪን ግን 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080 ነው። መጠኑን ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነቱንም 60 ኸርትዝ ላይ ማቆም ይበቃል። ቴሌቪዥን ላይ የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ የታችኛው አሞሌ የማይታይ ከሆነ፣ ማስተካከያው ከላፕቶፑ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ የምስል ምርጫ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» በሚለው ነው። ኤችዲኤምአይ ሲሰካ የላፕቶፑ ድምፅ ከጠፋ ድምፁ ስፒከር ወደሌለው ሞኒተር ሄዷል፤ በድምፅ ምልክቱ በኩል ወደ ላፕቶፑ ስፒከር ይመለሳል።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ

የኢትዮጵያ መደበኛ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ቢሆንም፣ በአንድ ክፍል ሶኬት ላይ ያለው ቮልቴጅ የሚወሰነው በአቅራቢያው ባለው የማከፋፈያ መሥመርና በሕንፃው ሽቦ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀሮችና አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ስለሆኑ መጠነኛ መዋዠቅን ይችላሉ። በዘመድ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ግን 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ሊሆን ስለሚችል ከመሰካቱ በፊት ጀርባው መነበብ አለበት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ወይም ጄኔሬተር ሲነሳ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ወዲያው ላይበራ ይችላል፤ ማራገቢያው ስለቆመ አምፖሉ ገና ግሏል። ደጋግሞ ቁልፉን መጫን አምፖሉን ይጎዳል፤ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከበራ በኋላ ምስሉ ካልመጣ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ሁለቱ ማሽኖች እንደገና እንዲተዋወቁ ያደርጋል።

በቪጂኤ ምስል ላይ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ደብዛዛ ቀበቶ ከታየ፣ ወይም የላፕቶፑ ብረት ሲነካ እጅን ቅር የሚል ከሆነ፣ የሚጠረጠረው የኤርዝ መሥመር ነው። ላፕቶፑና ፕሮጀክተሩ ከተለያዩ ሶኬቶች ሲሰኩ በመካከላቸው የሚፈሰው ትንሽ ኃይል ምስሉን ይረብሸዋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ቀበቶው ከጠፋ ምክንያቱ ተረጋገጠ፤ ሁለቱንም ከአንድ ኤክስቴንሽን መሰካት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። የፕለጉን የኤርዝ መስመር መቁረጥ ግን፣ ምስሉን ቢያጠራም እንኳ፣ አደገኛ ነው። ነጎድጓድ ባለበት ሰዓትም ኬብሎቹን መንቀል ያስፈልጋል።

የተሰበረ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ

የላፕቶፑ ስክሪን ጨልሞ ማሽኑ የሚነሳ ከሆነ ውጫዊ ሞኒተር መመርመሪያም መጠገኛም ይሆናል። በውጫዊው ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ከታየ የተጎዳው ስክሪኑ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው የውስጥ ኬብል ነው። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መስመርና ነጠብጣብ ከታየ ግን ጥፋቱ በምስል ቺፑ ወይም በድራይቨሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ አዲስ ስክሪን ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው። በጨለማ ክፍል የስልክ መብራት በጨለመው ስክሪን ላይ ሲበራ ደብዛዛ ጽሑፍ ከታየ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ብቻ ነው። ይህ ምርመራ ለአሮጌ ሞኒተርም ይሠራል።

ስክሪኑ በማይታይበት ላፕቶፕ ላይ በግምት መሥራት ይቻላል። አብርቶ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ኢንተርን መጫን፣ የይለፍ ቃሉን ጽፎ እንደገና ኢንተር፤ ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን ተጭኖ በታች ቀስት አንድ እርምጃ ወርዶ ኢንተር። ምስሉ ካልመጣ የቀስቱን ቁጥር እየጨመሩ መሞከር ነው። ከመጣ በኋላ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ፋይሎቹን በፍላሽ ወይም በውጫዊ ዲስክ ማውጣት ነው። በዚሁ ሁኔታ እንደ ዴስክቶፕ ሊጠቀሙበት ለሚፈልጉ፣ በኃይል ማስተካከያው ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ «ዱ ናሲንግ» መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል።

የኤችዲኤምአይ ፖርቱ ራሱ ከተነቃነቀ ወይም ፒኖቹ ከታጠፉ ማዘርቦርድ መለወጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብየዳ የሚችል ጠጋኝ ፖርቱን ብቻ ሊቀይረው ይችላል፤ እሱ ካልተገኘ በዩኤስቢ ምስል የሚያወጣ አዳፕተር አለ፤ ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል።

በመመረቂያ ጽሑፍ ቀን

ዲፌንስ ለሚባለው የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረቢያ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ደቂቃ የተቆጠረ ነው፤ ኬብል ሲፈለግ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያው ሊቀነስ ይችላል። በዋዜማው ወደ ክፍሉ ገብቶ ፕሮጀክተሩ የትኛው ቀዳዳ እንዳለው ማየትና በራስ ላፕቶፕ መሞከር ግማሹን ሥጋት ያስቀራል። ላፕቶፑ እንቢ ካለ ወደ ጓደኛ ላፕቶፕ መዛወር ግድ ስለሚሆን ፋይሉ በፍላሽ ላይ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ችግር አለው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይለወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈው ይነበባል፤ ሆኖም ፎንቱ ሲለወጥ የመስመሩ ርዝመት ተዛብቶ ከሳጥኑ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከፓወርፖይንቱ ጎን አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይ እንደተጻፈ ይታያል። የስላይዱ እንቅስቃሴ ይቀራል፤ ፈታኞቹ ግን የሚያነቡት ጽሑፉን ነው።